ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ለምትማሩ፦ ቡና ላይ የሚወራውና እውነታው

ሜሪላንድ ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ቨርጂኒያ ኖቫ (ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ግቢ ውስጥ ትንሽ ቁጭ ካላችሁ አማርኛ ሳትሰሙ አትወጡም። አበሻው ሌሊት ይሠራል፣ ጠዋት ክላስ ይገባል፣ ከሰዓት ልጅ ያመላልሳል። ኮሌጁ ደግሞ እንዲህ ላለው ተማሪ ያዘጋጀው ብዙ እርዳታ አለው፤ ቲውተር (አስጠኚ)፣ አድቫይዘር (የኮርስ አማካሪ)፣ የገንዘብ ድጋፍ፣ የምክር አገልግሎት። እኛ ጋ ግን መረጃው ከቢሮው ሳይሆን ከሰው አፍ ነው የሚመጣው። አንዱ ለአንዱ ይነግረዋል፣ ያኛው ትንሽ ጨምሮበት ለሌላው ያቀብላል፣ በመጨረሻ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሕግ ሆኖ ይወጣል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«ቲውተር ጋ የሚሄደው ሰነፍ ነው»

ማጠናከሪያ ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው የሚታየን የወደቀ ልጅ ነው። እስቲ አንድ ቀን የሂሳብ ቲውተሪንግ ክፍል ጎራ በሉና ማን እንደተቀመጠ እዩ። ካልኩለስ 2 የሚወስድ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ታገኛላችሁ፣ ነርሲንግ ለመግባት ቢ የማያዋጣት ልጅ ታገኛላችሁ። ወንበሩን የያዙት ጎበዞቹ ናቸው።

አጠቃቀሙ ግን ዘዴ አለው። «ምንም አልገባኝም» ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግማሹ ጊዜ ያልገባውን ነገር በመፈለግ ያልቅበታል። ወረቀቱን ዘርግቶ «ጥያቄ 7ን እስከ ሦስተኛው መስመር ሠርቻለሁ፣ እዚህ ጋ ፕላሱ ለምን ማይነስ እንደሆነ ነው ያልገባኝ» የሚለው ደግሞ ወዲያው መልሱን ይዞ ይሄዳል። ጽሑፍ ላይ የሚያግዘው ራይቲንግ ሴንተርም እንደዚያው ነው። ሰዋስው አርመው የሚመልሱላችሁ ከመሰላችሁ ትበሳጫላችሁ፣ ምክንያቱም መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ «ማለት የፈለግከው ምንድነው?» ብለው ነው። ማስረከቢያው ዛሬ ማታ ከሆነ ብዙም አይረዷችሁም፤ ቢያንስ ሁለት ሦስት ቀን ቀደም በሉ።

የፕሮፌሰሩ ኦፊስ አወርስ ላይ ደግሞ «ላስቸግረው አልፈልግም» የሚል ይሉኝታ አለን። ሰዓቱ የተመደበው ለተማሪ ነው። ካልሄዳችሁ ሰውየው ብቻውን ነው የሚቀመጠው። ነገ ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር (ለትራንስፈር) የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁት ደግሞ ስማችሁን ከየት ያምጣው?

«ፋፍሳ ከሞላህ ዕዳ ውስጥ ትገባለህ»

ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ፋፍሳ ማመልከቻ እንጂ ብድር አይደለም። የፌዴራል መንግሥቱ የእናንተንና የቤተሰባችሁን ገቢ አይቶ ምን እንደሚገባችሁ የሚወስንበት ፎርም ነው። በመልሱ ውስጥ ግራንት (የማይመለስ እርዳታ) ሊኖር ይችላል፣ ብድርም ሊኖር ይችላል። ግራንቱን ተቀብሎ ብድሩን «አልፈልግም» ማለት መብታችሁ ነው። ይህን ያልሰማ ሰው ሁለቱንም ትቶ ክሬዲት ካርድ ላይ ይከፍላል፣ ከዚያ «ከዕዳ አመለጥኩ» ይላል!

ትልቁ ግራንት ፔል ይባላል። ለ2025-26 የትምህርት ዘመን ጣሪያው 7,395 ዶላር ነው፤ ስንት እንደሚደርሳችሁ በገቢያችሁና በምትወስዱት ክሬዲት ብዛት ይወሰናል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ክፍያ ዝቅ ያለ ስለሆነ ሙሉውን የሚያገኝ ተማሪ ብዙ ቦታ ክላሱን ከፍሎ ለመጽሐፍም ይተርፈዋል። «ዜጋ ካልሆንክ አይሰጥህም» የሚባለውም ልክ አይደለም። ግሪን ካርድ ያለው፣ በዲቪ የመጣውም ጭምር፣ ማመልከት ይችላል። ፎርሙን መሙላት በነጻ ነው። «እኔ ልሙላልህ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ካጋጠማችሁ ወደ ኮሌጁ ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ሂዱ፣ እነሱ ያለ ክፍያ ያሳዩአችኋል።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው፣ አገር ቤት ዲግሪ የያዘ ሰው ፔል አያገኝም፤ ዲግሪው የውጭ አገር ቢሆንም ያው ነው። «ዲግሪህን አትናገር፣ ሃይስኩል ነኝ በል» የሚል ምክር ሰምታችሁ ከሆነ አትስሙት። የፌዴራል ፎርም ላይ መዋሸት ጣጣው ብዙ ነው። ይልቅ ትራንስክሪፕታችሁን (የኮርስና የውጤት ዝርዝራችሁን) አስገምግሙ፤ የተወሰነ ኮርስ ሊቀነስላችሁ ይችላል፣ የብድሩም በር አይዘጋባችሁም።

ሁለተኛው፣ ሴሚስተሩ ከበደን ብላችሁ ለማንም ሳትነግሩ ሁሉንም ክላስ ጥላችሁ እንዳትጠፉ። ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ሙሉ በሙሉ ያቋረጠ ተማሪ ከተሰጠው እርዳታ የተወሰነውን መልስ ሊባል ይችላል። እርዳታው እንዲቀጥል ደግሞ ኮሌጁ ያስቀመጠውን ውጤት መጠበቅ አለባችሁ፤ ብዙ ቦታ አማካይ ውጤት 2.0 እና ከተመዘገባችሁበት ክሬዲት 67 በመቶውን ማለፍ ነው። ከዚያ በታች ወርዳችሁ እርዳታው ከተቋረጠ፣ ምክንያቱ ሕመም ወይም የቤተሰብ ሐዘን ከሆነ፣ ማስረጃ አያይዛችሁ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ። ደብዳቤው ደርሷቸው ነገሩ ያለቀለት መስሏቸው የቀሩ ስንቶች ናቸው።

«አድቫይዘር ምን ያደርጋል፣ የጓደኛዬን ኮርስ ተከትዬ እወስዳለሁ»

ጓደኛችሁ ለነርሲንግ የወሰደው ስታትስቲክስ ኢንጂነሪንግ ለሚሄድ ሰው ካልኩለስን አይተካም። ሁለታችሁም ኮምፒውተር ሳይንስ ብትሆኑ እንኳ እሱ የሚሄድበት ዩኒቨርሲቲ የሚቀበለውን የእናንተው ላይቀበል ይችላል። በ2017 የወጣ የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት ጥናት፣ ኮሌጅ የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው?

ስለዚህ አድቫይዘሩ ጋ ስትገቡ «ምን ልውሰድ?» አትበሉ። «እዚህ ዩኒቨርሲቲ፣ ለዚህ ትምህርት መሄድ እፈልጋለሁ፣ የትኛው ክሬዲት ይቆጠርልኛል?» በሉ። ኖቫ ለምሳሌ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር አድቫንስ የሚባል ፕሮግራም አለው፤ መንገዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኮርስ በኮርስ ተነድፎ ይሰጣችኋል። አንዳንዱ አድቫይዘር ቸኩሎ ያናግራችኋል፣ እሱም እውነት ነው፤ ብዙ ቦታ አንድ ሰው ላይ በመቶዎች የሚቆጠር ተማሪ ነው ያለው። ያኔ ሌላ ቀጠሮ ያዙ፣ ወይም ሌላ አድቫይዘር ጠይቁ። ማንም አይቀየማችሁም።

«ጎበዝ ከሆንክ ድጋፍ አያስፈልግህም»

ኒውዮርክ ላይ ይሄ ነገር በደንብ ተፈትኗል። የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ፣ ኩኒ፣ በ2007 አሳፕ የሚባል ፕሮግራም በኮሚዩኒቲ ኮሌጆቹ ጀመረ። ተማሪው ሙሉ ጊዜ ይመዘገባል፣ አድቫይዘሩን ቶሎ ቶሎ ማግኘት ግዴታው ነው፣ በምትኩ የትራንስፖርት ካርድ ይሰጠዋል፣ የመጽሐፍ ወጪ ይታገዝለታል፣ የጎደለ ክፍያ ይሞላለታል። ኤምዲአርሲ የተባለ የጥናት ድርጅት ተማሪዎቹን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ተከታተላቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከአሳፕ ተማሪዎች 40 በመቶው ተመረቁ፣ ከሌሎቹ 22 በመቶው ብቻ። በዕጣ ስለተመረጡ «እነዚያ ከመጀመሪያው ጎበዞች ነበሩ» ማለት አይቻልም። ኦሃዮ ውስጥ ሦስት ኮሌጆች ወስደው ሲሞክሩትም ጥሩ ውጤት መጣ። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ የአውቶቡስ ካርዱ ነው። ሰው የሚያቋርጠው ሂሳብ ከብዶት ብቻ አይደለም፣ ወር መጨረሻ ላይ መሳፈሪያ አጥቶም ነው።

«ትሪዮ ምናምን ለሌሎች ነው፣ ለእኛ አይደለም»

ለእናንተ ነው። ትሪዮ ከፌዴራል በጀት የሚደገፍ የተማሪዎች መርጃ ፕሮግራም ሲሆን ዘር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ዝቅተኛ ገቢ፣ የአካል ጉዳት፣ ወይም ወላጆች ባችለር ዲግሪ የሌላቸው መሆኑን ነው፤ በዚህ ላይ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድን የመሰለ ሕጋዊ ነዋሪነት። የስንቶቻችን ወላጆች ባችለር አላቸው? ሁሉም ኮሌጅ ትሪዮ የለውም፣ ካለ ግን ቦታው ስለሚሞላ በጊዜ ነው ማመልከት።

«ፉድ ፓንትሪ ገብቼ ሰው ቢያየኝስ?»

ፉድ ፓንትሪ ኮሌጁ ለተማሪ ምግብ በነጻ የሚሰጥበት ቦታ ነው። የሚያያችሁ ሰው እሱም ሊወስድ የመጣ ነው። ብዙ ጊዜ የተማሪ መታወቂያ ብቻ ነው የሚጠየቀው። ላፕቶፕ የሚያውስ ላይብረሪም አለ፣ ውድ መጽሐፍ እዚያው ቁጭ ብሎ ማንበብም ይቻላል፤ መኪና ሲበላሽ ወይም ኪራይ ሲያጥር የሚሰጥ የአስቸኳይ ጊዜ ድጎማ ያላቸው ኮሌጆችም አሉ።

«ካውንስለር ጋ ከሄድክ ሪከርድህ ላይ ይጻፋል»

አይጻፍም። ትራንስክሪፕት ላይ የሚወጣው ኮርስና ውጤት ነው። ለካውንስለሩ የምትነግሩት በምስጢር ይያዛል፣ የራሳችሁ ወይም የሌላ ሰው ሕይወት አደጋ ላይ እንደመሆን ያለ፣ ሕግ የሚያስገድድ ነገር ከሌለ በቀር። የትምህርት መዝገባችሁንም የሚጠብቅ ከ1974 ጀምሮ ያለ ሕግ አለ፤ አጎታችሁ ወደ ኮሌጁ ደውሎ «ልጁ እንዴት ነው?» ቢል መልስ አያገኝም።

የማየት፣ የመስማት ወይም የማንበብ ችግር ላለበትም፣ ድብርትና ጭንቀት ለሚያስቸግረውም የፈተና ሰዓት ጭማሪና ሌላ ማመቻቸት በሕግ የሚገባው ነው። ግን እንደ ሃይስኩሉ ኮሌጁ ራሱ ፈልጎ አይመጣም፣ ተማሪው ወረቀት ይዞ መጠየቅ አለበት። ከፈተና በኋላ ቢጠየቅ ያለፈውን ፈተና አይመልስም።

«ከከበደህ አንድ ኮርስ ጣልና እረፍ»

ግሪን ካርድ ላለው ምክሩ አንዳንዴ ይሠራል። በኤፍ-1 (በተማሪ) ቪዛ ለሚማር ግን አደገኛ ነው። በሴሚስተር ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለበት፤ ሳያስፈቅድ ከዚያ በታች ከወረደ የቪዛ ሁኔታው ይበላሻል። በሕመም ወይም መጀመሪያ አካባቢ በቋንቋ ችግር ምክንያት መቀነስ የሚፈቀድበት አሠራር አለ፣ ግን ፈቃዱ ይቀድማል፣ መጣሉ ይከተላል። ስለዚህ ድሮፕ የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ለኢንተርናሽናል ተማሪዎች ቢሮ ኢሜይል ጻፉ። ስም፣ የተማሪ ቁጥር፣ የኮርሱ ስም፣ «ይህን ኮርስ መተው አስቤያለሁ፣ ቪዛዬን ይነካዋል?» የምትል አንድ ጥያቄ። እንግሊዝኛው ቢንሻፈፍም ይገባቸዋል። መልሱን በጽሑፍ አስቀምጡት።