ቁጥሩ ሲጨምር ኮከቡ ለምን ይደበዝዛል?

ፒያሳ ሰገነት ላይ ሰማይ ባየን ቁጥር ስለ ኮከቦች የድምቀት መለኪያ ቁጥር «4.7 ከ0 አይበልጥም እንዴ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። የድምቀት ቁጥርን እንደ ክፍል ደረጃ ውሰዱት፤ 1ኛ የወጣ ከ5ኛው ይበልጣል። የ5 ቁጥር ልዩነት በብርሃን 100 እጥፍ ነው።

ቬጋ የተባለችው ደማቅ ኮከብ 0 ገደማ ናት። አጠገቧ ያለችው ኤፕሲሎን ላይሬ በዓይን ደብዛዛ ነጥብ ናት። በባይናኩላር ስትታይ ሁለት ትሆናለች፤ እያንዳንዷም 4.6 ወይም 4.7 ገደማ። በደህና ቴሌስኮፕ ሁለቱም እንደገና ለሁለት ይከፈላሉ፤ አራት ኮከቦች! እንዴት ደስ እንደሚል።

ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ይደምቃል የሚለው ደንብ የትም አይለወጥም። የሚለያየው የምታዩት ነው፦ ጨለማ ገጠር ውስጥ እስከ 6 ድረስ ያለው ይታያል፤ ፒያሳ ግን የመንገድ መብራቱ 4ኛውንም ሊደብቅባችሁ ይችላል።