የሠራተኛው ሒሳብ አንተ ጋ አይደር

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ሐዋርያው ያዕቆብ በምዕራፍ 1 ቁጥር 22 ቃሉን ሰምተን የምናልፍ ብቻ ሳንሆን የምናደርገው እንድንሆን አዝዞናል። ይህን ስንሰማ ቶሎ የሚታወሰን ጾሙ፣ ጸሎቱ፣ ቅዳሴው ነው። መልካም ነው። ያው ያዕቆብ ግን ምዕራፍ 5 ላይ ኪሳችን ድረስ ይመጣል። አጫጆች የተከለከሉት ደመወዝ ይጮኻል፤ ጩኸቱም ጌታ ጆሮ ደርሷል ይላል።

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ጠዋት ስትወጡ አካፋና ዶማ ይዘው ሥራ የሚጠብቁትን ታዩአቸዋላችሁ። ከገጠር የመጣ አለ፤ በጦርነቱ ከቀየው ተፈናቅሎ የቀረ አለ። እናቶችም አሉ። አንዷ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ስታመላልስ ትውላለች። ማታ እግሯን ተለቃልቃ፣ ነጠላዋን አጣፍታ በሩ ላይ ትቆማለች። ባለቤቱ ብቅ ይልና «አብሽሪ፣ ዝርዝር አጥቼ ነው፤ ነገ እሰጥሻለሁ» ይላታል። ለእሱ አንድ ሌሊት ነው። እሷ ግን በዚያች ብር ዳቦና ከሰል ገዝታ ልትገባ ነበር።

ኦሪት ይህችን ሰዓት በደንብ ያውቃታል። ዘሌዋውያን 19፥13 የሠራተኛው ዋጋ እስከ ነገ አንተ ዘንድ አይደር ይላል። ዘዳግም 24 ደግሞ ምክንያቱን ይነግረናል፤ ድሃ ነው፣ ተስፋው ያችው ደመወዙ ናት፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ስጠው። ወገንህም ይሁን በአገርህ የተቀመጠ መጻተኛ፣ ሕጉ አንድ ነው። ለእኛ ለወሎዎች ይህ እንግዳ ሊሆንብን አይገባም። ለቅሶውንም ሠርጉንም ከሙስሊም ጎረቤታችን ጋር አብረን የምንውል ሰዎች ነን። ስንከፍልም ማተብ ያለውንና የሌለውን አንለይም።

ማቴዎስ 20 ላይ ስላለው የወይን አትክልት ባለቤት ሲሰበክ በብዛት የሚነሣው በአሥራ አንደኛው ሰዓት የተቀጠሩት ሰዎች ነገር ነው። እኔን ግን ቁጥር 8 ይይዘኛል። ሲመሽ ባለቤቱ አዛዡን ጠርቶ «ሠራተኞቹን ጥራና ደመወዛቸውን ስጣቸው» ይለዋል። በዚያው ማታ! አንድ ሰዓት የሠራውም፣ ሐሩሩን ተሸክሞ የዋለውም ዲናሩን ይዞ ሄደ። ጌታችን ስለ መንግሥተ ሰማያት ሲያስተምር እንኳ በምሳሌው ውስጥ ማንም ባዶ እጁን አልገባም።

መስከረም 21 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ስንነሣ ለመኪናው፣ ለስንቁ ቀደም ብለን እናስባለን። ደስ ይላል። ነገር ግን የሰው ላብ ቤታችን አስቀምጠን አምባሰል ተራራ ላይ ምን ብለን እንለምናለን? ሒሳቡ ከስንቁ ይቅደም።

ዝርዝር ጠፋ የሚለው ምክንያት ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ብዙም አያስኬድም። ሰው ከመጥራታችሁ በፊት ጠዋት ብሩን ቁጠሩና ለብቻው አስቀምጡ። ከሌላችሁ ሥራው ይቆይ እንጂ የድሃ ጉልበት በዱቤ አይወሰድ። የቤት ሠራተኛ ያላችሁም ወሯ ሲሞላ ሳትጠይቃችሁ ስጧት። በሰው ቤት ሆኖ ገንዘብን መጠየቅ ራሱ ያሳቅቃል።

ከአምናው ግንባታ የቀረ የሰው ሒሳብ ያለበት ካለ ዛሬውኑ ይደውል። ስልኩ ከጠፋበት ጠዋት ሠራተኞቹ ወደሚቆሙበት ሄዶ ያጠያይቅ፤ የሚያውቀው አይጠፋም።