ትሬድዌር ምንድን ነው? 300 ከተጻፈበትና 340 ከተጻፈበት ጎማ የቱ ይሻላል?

አዳማ ላይ ጎማ ልትገዙ ስትወጡ ሻጩ መጀመሪያ የሚጠራላችሁ አገሩን ነው። «የጃፓን ነው»፣ «ታይላንድ ነው»፣ «ቻይና ነው ግን ጥሩው ቻይና»። ቀጥሎ ዋጋው ይመጣል። ቁጥር ማንበብ የሚወድ ሻጭ ከገጠማችሁ ደግሞ ጎማውን ያዞርና ጎኑ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ በጣቱ እየነካ «ይሄኛው 340 ነው፣ ያኛው 300 ብቻ» ይላል። ገዢው ራሱን ይነቀንቃል። 340 ከ300 ይበልጣላ! ነገሩ እዚያው ያልቃል፣ ብር ይቆጠራል።

ቁጥሩ ትሬድዌር ይባላል። የጎማው ጥርስ፣ ማለትም መሬት የሚነካው ክፍል፣ ከሌላ ጎማ ጋር ሲወዳደር ቶሎ ያልቃል ወይስ ይቆያል የሚለውን ነው የሚገምተው። ኪሎ ሜትር አይደለም። ዋስትና አይደለም። የጥራት ማርክም አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው፤ ዝቅ ያለ ቁጥር ያለው ጎማ ፈተና የወደቀ ይመስለዋል። ግን በዓለም ላይ አሉ ከሚባሉት ውድ ጎማዎች አንዳንዶቹ ቁጥራቸው ከርካሽ የከተማ ጎማ ያንሳል፣ ያውም በግማሽ።

የመጣው ከአሜሪካ ነው። የአገሪቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት የቤት መኪና ጎማ ሲሸጥ ሦስት ነገር እንዲነገር ያዛል፦ ትሬድዌር በቁጥር፣ ትራክሽን (እርጥብ መሬት ላይ መያዙ) እና ቴምፕሬቸር (ሙቀት መቻሉ) በፊደል። ፋብሪካዎች አንዱን ጎማ ለብዙ አገር ስለሚሸጡት ጽሑፉ ከጎማው ጋር አዳማ ድረስ ይመጣል።

ቁጥሩ የሚገኝበት መንገድ ደስ ይላል። ቴክሳስ ውስጥ ሳን አንጄሎ የምትባል ከተማ አለች። በዙሪያዋ 640 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የመፈተኛ መስመር አለ፤ የውድድር ሜዳ እንዳይመስላችሁ፣ ሕዝብ የሚሄድበት ተራ መንገድ ነው። መኪኖች ቢበዛ አራት ሆነው ተከታትለው ይነዱበታል። አንዱ መንግሥት የወሰነውን ማወዳደሪያ ጎማ አድርጓል፣ ሌሎቹ የሚፈተነውን። በጠቅላላው ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ይነዳል፣ በየ1,280 ኪሎ ሜትሩ እየቆሙ የጥርሱን ጥልቀት ይለካሉ። ማወዳደሪያው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ ፀሐዩም፣ ዝናቡም፣ የአስፋልቱ ሸካራነትም ሁሉም ላይ እኩል ስለሚወርድ ልዩነቱ የጎማው ብቻ ይሆናል።

ታዲያ ጥሩ ጎማ በ11,500 ኪሎ ሜትር አያልቅም። ቀሪው በስሌት ነው። እስካሁን ይህን ያህል ከተበላ 1.6 ሚሊ ሜትር እስኪቀረው ድረስ ስንት ይሄዳል ብለው ይገምታሉ። 100 መነሻው ነው። 300 ማለት በዚያ መንገድ፣ በዚያ አነዳድ ከመነሻው ሦስት እጥፍ ይቆያል የሚል ግምት ነው። አዳማ ላይ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ቁጥሩ አያውቅም፣ አይናገርምም።

አሁን ሻጩ የማይነግራችሁ ነገር። ቁጥሩን ጎማው ላይ የሚያትመው መንግሥት አይደለም፣ ፋብሪካው ራሱ ነው። ፈተናውን ራሱ ያደርጋል ወይም ከፍሎ ያስደርጋል፣ ከዚያ ቁጥሩን ይሰጣል። መንግሥት መርምሮ የተጋነነ ካገኘ ይጠይቃል። ዝቅ አድርጎ መጻፍ ግን ይቻላል፣ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ አንዱ ፋብሪካ ያገኘውን እንዳለ ያትማል፣ ሌላው ለጥንቃቄ ቀነስ ያደርጋል። ደግሞም ቁጥሩ በ20 የሚካፈል መሆን አለበት፣ ወደ ታች ይጠጋጋል። 319 ያመጣም 300 ይሆናል፣ 359 ያመጣም 340 ይሆናል። 300 እና 340 ተባለ ማለት በእውነተኛው ውጤት ልዩነቱ 21 ሊሆን ይችላል፣ 59ም ሊሆን ይችላል፤ ያውም ሁለቱም ያገኙትን በሐቅ ካተሙ።

በስም እንነጋገር። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስ እና ኮንቲኔንታል ኤክስትሪም ኮንታክት ስፖርት ለፈጣን መኪና የተሠሩ፣ ሁሌ አብረው የሚነጻጸሩ የበጋ ጎማዎች ናቸው። የመጀመሪያው 300 ነው፣ ሁለተኛው 340። ትራክሽናቸው ሁለቱም ኤኤ ነው፣ ከዚያ በላይ ደረጃ የለም። ቴምፕሬቸራቸው ሁለቱም ኤ። በቁጥሩ ከሄድን ኮንቲኔንታሉ ከሚሽሊኑ 13 በመቶ ያህል የበለጠ መቆየት አለበት፤ በእናንተ መንገድ ሚሽሊኑ 45,000 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ኮንቲኔንታሉ 51,000 ይሄዳል ማለት ነው። ግን ሁለቱ ኩባንያዎች አሜሪካ ውስጥ ለነዚህ ጎማዎች ዋስትና ሲሰጡ ሁለቱም 30,000 ማይል ነው ያሉት፣ ወደ 48,000 ኪሎ ሜትር። ገንዘባቸውን ሲያስይዙ እኩል ሆኑ። እኔ ከጎኑ ጽሑፍ ይልቅ ይሄንን ነው የማምነው።

ቁጥሩ በደንብ የሚሠራው በአንድ ቤት፣ ማለትም በአንድ ፋብሪካ ጎማዎች መካከል ነው። ሚሽሊን ፓይለት ስፖርት ካፕ 2 የሚባል ጎማ አለው፣ ለውድድር ሜዳ የቀረበ፣ ትሬድዌሩ 180። ከ4ኤስ ጋር ስታስተያዩት ቁጥሩ እውነቱን ነው የሚናገረው፤ ካፕ 2 ቶሎ ያልቃል። ያው ፋብሪካ፣ ያው ልማድ ነዋ።

ለምን ያልቃል? ለስላሳ ስለሆነ። አስፋልት በዓይን ሲታይ ሜዳ ቢመስልም በጥቃቅን ሹል ድንጋዮች የተሞላ ነው። ለስላሳ ላስቲክ በድንጋዮቹ መሃል እየገባ ይይዛል፣ ሲላቀቅ ደግሞ ትንሽ ትንሽ እየተላጠ ነው። ጥሩ ላጲስ አስቡ፣ የሚያጠፋው እያለቀ ነው። ስለዚህ ዝቅተኛ ትሬድዌር ብዙ ጊዜ የሚይዝ ጎማ ማለት ነው፣ ፍሬን ስትረግጡ ቶሎ የሚቆም፣ ኩርባ ላይ የማያንሸራትት። ብዙ ጊዜ አልኩ እንጂ ሁልጊዜ አላልኩም። ኬሚስቶቹ ላስቲኩ ውስጥ ሲሊካ እየጨመሩ፣ የጎማውን ውጪኛና ውስጠኛ ጎን በተለያየ ላስቲክ እየሠሩ ሁለቱንም ለማግኘት ይታገላሉ፣ 4ኤስም ራሱ ባለ ሁለት ላስቲክ ነው።

በቅንፍ አንድ አስቂኝ ነገር ልጨምር። አሜሪካ ውስጥ ተራ ሰው በገዛ መኪናው የሚወዳደርባቸው አንዳንድ ውድድሮች «ከ200 በታች ትሬድዌር ያለው ጎማ አይገባም» ይላሉ፣ የውድድር ጎማ እንዳይመጣባቸው። ምን ሆነ? ፋብሪካዎቹ ልክ 200 የተጻፈባቸው፣ እንደ ማስቲካ የሚጣበቁ ጎማዎች ማምረት ጀመሩ። ቁጥሩን ራሱ የሚጽፈው ተፈታኙ ሲሆን እንዲህ ነው።

ይሄ ሁሉ ለአዳማ ሰው ምን ያደርግለታል? ድሮ ቪትዝ ለሚነዳ ብዙም አያደርግለትም ነበር። አሁን ግን ከተማው ተቀየረ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል። ፎልክስዋገን አይዲ 4 ቸርኬው 19 ወይም 20 ኢንች ነው፣ ክብደቱ ወደ 2 ቶን ይጠጋል ወይም ያልፋል፤ ቪትዝ 1 ቶን አካባቢ ናት። አይዲ 4ው ደግሞ ቤንዚን የተረገጠ ያህል እንኳ ሳይሰማ ከቆመበት ተስፈንጥሮ ይነሳል። ክብደቱና አነሳሱ ሁለቱም ከጥርሱ ላይ ነው የሚበሉት። እና ባለመኪናው ጎማ ሊቀይር ሲወጣ በዚያ መጠን የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ይሄ ስፖርት የሚባለው ዓይነት ነው፤ አንብቦ የማያውቀውን ቁጥር ያኔ ማንበብ ይጀምራል።

የበጋ ጎማ መባሉ አያስጨንቃችሁ። ላስቲኩ የሚደርቀው ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ነው፣ ፈረንጆቹ በረዶ ሲመጣ የሚያወልቁት ለዚያ ነው። አዳማ ሙቀቷ የሚያማርር ከተማ ናት፣ ዓመቱን ሙሉ ይነዳበታል። ዝናብ ላይም ችግር የለበትም፣ ጥርሱ ውስጥ ያሉት ሰፋፊ ቦዮች ውኃ ለማውጣት የተሠሩ ናቸው። ጥርሱ እስካለ ድረስ ነው ታዲያ።

ከትሬድዌር ይልቅ እኔ የማስቀድማቸው ሌሎች ጽሑፎች አሉ። አንደኛው የተሠራበት ቀን። ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ (DOT) ከሚለው መስመር መጨረሻ አራት ቁጥር አለ፤ 2319 ከሆነ በ2019 እንደ ፈረንጆቹ 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ያረጃል፣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። መጋዘን ውስጥ አምስት ዓመት የተኛ 340 ከአምና 300 አይሻልም፣ ሻጩ ፕላስቲኩ እንኳ አልተነሳም ብሎ ቢምልም። ሁለተኛው የሚሸከመው ክብደት ነው። ከመጠኑ ቀጥሎ የሚመጣው 91 ወይም 105 የሚለው ቁጥር ማለት ነው፤ 91 ለአንድ ጎማ 615 ኪሎ ነው፣ 105 ደግሞ 925። በከባድ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ «ቸርኬው ልክ መጣለት» ተብሎ አነስተኛ ቁጥር ያለው ጎማ ከገባ፣ ትሬድዌሩ 500 ቢሆን ምን ዋጋ አለው?

የቴምፕሬቸር ፊደሏን አትናቋት። ኤ ማለት ጎማው በሰዓት ከ185 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት የሚፈጥረውን ሙቀት ላብራቶሪ ውስጥ ችሏል ማለት ነው፤ ሲ ደግሞ ሕጉ የሚፈቅደው ዝቅተኛው ነው። አዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 120። በኤ ጎማ 120 ምንም አይደለም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ንፋሱ ሙሉ ከሆነ። ፈተናው የሚደረገው በትክክል በተነፋና ከልክ በላይ ባልተጫነ ጎማ ነው። ንፋስ የጎደለው ጎማ በዞረ ቁጥር ጎኑ ይታጠፋል፣ መታጠፉ ሙቀት ይፈጥራል፣ ሙቀቱ ውስጡን ያላላዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ከነቤተሰቡ፣ ከነሻንጣው በ120 ሲነዳ መንገድ ላይ የሚፈነዳው እንዲህ ያለው ነው። ንፋስ የጎደለው ጎማ ትሬድዌሩም አይሠራም፣ ዳር ዳሩ ተበልቶ ያልቃል። አላይመንቱ የተዛባም እንደዚያው በአንድ ወገን ይበላል። ጎሚስታ ጋ ጎራ ብላችሁ በቀዝቃዛው፣ ጠዋት ሳትነዱ አስለኩ። ከረጅም መንገድ ስትገቡ በሞቀው አስለክታችሁ «በዛ» ብላችሁ እንዳታስተነፍሱት ብቻ።

የትራክሽን ፊደሉ ላይም ቅር የሚለኝ ነገር አለ። የሚለካው እርጥብ መሬት ላይ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ጎማው ተቆልፎ ሲንሸራተት ነው። ኩርባ የለበትም። ደረቅ አስፋልት የለበትም። ሁለት ኤኤ ጎማዎች ኩርባ ላይ እንደ ሰማይና ምድር ሊለያዩ ይችላሉ፣ ፊደሉ አንድ ነው።

ስለዚህ ያን 300 እና ያን 340 ፊት ለፊት አስቀምጦ ምረጡ ቢሉኝ ቁጥሩን ዘልዬ ቀኑን አነባለሁ፣ ክብደቱን አያለሁ፣ አራቱም ከአንድ ዓይነት ይገኙ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ይሄ ሁሉ እኩል ከሆነ ዋጋው ይወስናል። 300 እና 600 ቢሆንማ ሌላ ወሬ ነው፤ ያኔ ሁለቱ ጎማዎች ለተለያየ ሰው ነው የተሠሩት። አንዱ መያዝን አስቀድሟል፣ ሌላው መቆየትን። ከሞጆ አዳማ ሲመላለስ ለሚውል ሰው 600ው ይስማማዋል፣ ፈጣን መኪና ላለውና ፍሬኑን ለሚፈልገው 300ው።

ቀሪዎቻችሁ ደግሞ ጽሑፉን አትፈልጉ። ደንቡ ለቤት መኪና ጎማ ብቻ ነው፤ 12 ኢንችና ከዚያ በታች ቸርኬ ያለውን አይመለከትም፣ ስለዚህ አዳማን የሞላት ባጃጅ የለችበትም። የጭነት መኪና ጎማም የለበትም። የሃይሩፍ ጎማ ከመጠኑ ጋር ሲ ተጽፎበት የሚመጣ (የቴምፕሬቸሩ ሲ አይደለም)፣ ለጭነት የተሠራ ጎማ ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ እሱም ላይ አታገኙትም። ሻጩ ለሃይሩፍ ጎማ ትሬድዌር 400 ብሎ ከጠራላችሁ፣ የት ላይ እንዳነበበው በጣቱ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።