የቆይታ ጊዜ ስሌት በስፕሬድሺት

የቆይታ ጊዜ ስሌት አንድ ነገር ከተጀመረበት እስካበቃበት ድረስ የወሰደውን ቀን፣ ሰዓትና ደቂቃ እንደ ኤክሴል፣ ጉግል ሺትስና ሊብሬኦፊስ ካልክ ባሉ የስፕሬድሺት ፕሮግራሞች የማስላት ሥራ ነው። የሠራተኞች የሥራ ሰዓት መዝገብ፣ የማሽኖች አገልግሎት ቁጥጥር፣ የሩጫ ውጤትና የፕሮጀክት የጊዜ ሰሌዳ ሁሉም በዚህ ላይ ይቆማሉ። ላይ ላዩን ሲታይ ማብቂያው ላይ መጀመሪያውን ከመቀነስ ያለፈ ነገር የለውም። ይሁን እንጂ ብዙ ልምድ ያላቸውን ሰዎች ሳይቀር የሚያደናግር ስሌት ነው፤ ምክንያቱ ደግሞ አንድ ነው። ለፕሮግራሙ የሰዓት ነጥብና የሰዓት ርዝማኔ ልዩነት የላቸውም፤ ሁለቱንም የሚያስቀምጠው በአንድ ዓይነት ቁጥር ነው።

ቁጥሩ የሚለካው በቀን ነው። አንድ ሙሉ ቀን 1 ነው፤ እኩለ ቀን 0.5፣ አንድ ሰዓት የ1 ሃያ አራተኛ፣ አንድ ደቂቃ የ1 1440ኛ። በሴሉ (በሰንጠረዡ አንድ ሳጥን) ውስጥ 8:30 ብሎ የጻፈ ሰው የሚያየው 8:30 ቢሆንም፣ ውስጥ የተቀመጠው ግን 0.354166 ገደማ የሆነ ክፍልፋይ ነው። የሴሉን ፎርማት፣ ማለትም ቁጥሩ የሚታይበትን መልክ፣ ወደ ተራ ቁጥር በመቀየር ይህን በዓይን ማየት ይቻላል። ግራ የሚያጋባ ውጤት ሲመጣም ከሁሉ በፊት መደረግ ያለበት ይኸው ነው፤ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ትክክል ሆኖ ይገኛል፣ የሚያሳስተው ፎርማቱ ነው።

አንድ ሠራተኛ በየቀኑ 8:30 ገብቶ 17:15 ይወጣል እንበል። የአንዱ ቀን ልዩነት 8:45 ነው። አምስቱ ቀን ሲደመር 43 ሰዓት ከ45 ደቂቃ መሆን አለበት፤ የድምሩ ሴል ግን 19:45 ብሎ ቁጭ ይላል። ድምሩ አልጠፋም። ውስጥ ያለው ቁጥር 1.8229 ገደማ ነው፤ ማለትም አንድ ሙሉ ቀንና ከዚያ የተረፈ። የተለመደው የሰዓት ፎርማት ሙሉውን ቀን ትቶ የተረፈውን ብቻ ስለሚያሳይ 24 ሰዓት ከዓይን ይሰወራል። መፍትሔው በፎርማቱ ውስጥ የሰዓቱን ምልክት በማዕዘን ቅንፍ ማጠር ([h]:mm) ነው፤ ያን ጊዜ 43:45 ይነበባል። ደቂቃውን ወይም ሰከንዱን ማጠርም ይቻላል፤ አጠቃላዩ ጊዜ በዚያው መለኪያ ይታያል። ጉግል ሺትስ ለዚህ ራሱን የቻለ የቆይታ ፎርማት በዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል። የሰዓት ነጥብንና የሰዓት ርዝማኔን አንድነት ለማየት ለሚሻ ደግሞ ቀላል ሙከራ አለ፦ በኤክሴል ሴል ውስጥ 43:45 ጽፎ የቀመር መስመሩን መመልከት። እዚያ የሚነበበው የጥር 1 ቀን 1900 ምሽት ነው (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ከዚሁ የሚወለደው ሁለተኛው ስህተት ደመወዝን ይነካል። በሰዓት 100 የሚከፈለው ሰው 43:45 ሲሠራ 4375 ይደርሰዋል፤ ሁለቱን ሴሎች በቀጥታ ያባዛ ሰው ግን 182.29 ያገኛል። የተባዛው ሰዓቱ ሳይሆን የቀኑ ክፍልፋይ ነውና በ24 ማባዛት ያስፈልጋል፤ የውጤቱም ፎርማት ተራ ቁጥር መሆን አለበት።

የሌሊት ፈረቃ የራሱ ጣጣ አለው። 22:00 ገብቶ በማግስቱ 6:00 የወጣ ሰው ቅናሹ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ኤክሴልም ሴሉን በመሰላል ምልክቶች ይሞላዋል። ዓምዱን ማስፋት ምንም አይፈይድም። ጉግል ሺትስና ሊብሬኦፊስ አሉታዊውን ጊዜ ያሳያሉ፤ ይህ ግን መልሱን ትክክል አያደርገውም። የተለመደው ዘዴ ልዩነቱን ሞድ (MOD) በሚባለው ፈንክሽን፣ ማለትም በፕሮግራሙ ውስጥ በተዘጋጀ ቀመር፣ ለ1 አካፍሎ ቀሪውን መውሰድ ነው፤ አሉታዊው ሁለት ሦስተኛ ወደ አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም ወደ 8 ሰዓት ይለወጣል። ያምራል፤ ግን ድንበር አለው። ከ24 ሰዓት በላይ የቆየ ሥራ ሲመጣ ሙሉውን ቀን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጥላል። የተሻለው ልማድ በእያንዳንዱ ሴል ቀኑንም ሰዓቱንም አብሮ መጻፍ ነው፤ ያን ጊዜ ተራ ቅናሽ ይበቃል።

ችግሩ ከአጻጻፍ የሚመጣበትም ጊዜ ብዙ ነው። 5 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ለማለት 5:30 የጻፈ ሯጭ፣ ፕሮግራሙ የሚይዝለት አምስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ከፊቱ ዜሮ ሰዓት መጨመር ነበረበት። በሁለት ነጥብ ፈንታ 8.45 ብሎ የጻፈ ደግሞ ስምንት ቀን ከ10 ሰዓት ከ48 ደቂቃ አስገብቷል። ከሌላ ሲስተም የተገለበጠ መረጃ ሰዓት መስሎ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቱ ወደ ግራ መጠጋቱ ነው፣ የድምር ፈንክሽኑም ዘልሎት ያልፋል። ታይም የሚባለው ፈንክሽንም 25 ሰዓት ሲሰጠው 1 ሰዓት ይመልሳል፤ ለሰዓት ነጥብ እንጂ ለቆይታ አልተሠራምና።

ጥቃቅን የሚመስል፣ ግን የሚያስመርር ነገርም አለ። አንድ ሃያ አራተኛ በኮምፒውተሩ የሁለትዮሽ ቁጥር ያለቀለት ሆኖ አይጻፍም። ስለዚህ በሁለት መንገድ የተሰሉ፣ በዓይን ፍጹም አንድ የሆኑ ሰዓቶች ሲነጻጸሩ "እኩል አይደሉም" የሚል መልስ ሊመጣ ይችላል። በ1440 አባዝቶ፣ ወደ ሙሉ ቁጥር አጠጋግቶ፣ መልሶ በ1440 ማካፈል ነገሩን በደቂቃ ደረጃ ያስተካክለዋል።

የቀን ቁጥሩ ከየት ይጀምራል ለሚለው መልሱ ታሪክ ያለው ነው። ኤክሴል ጥር 1 ቀን 1900ን 1 ብሎ ይቆጥራል። ከእርሱ የቀደመው ሎተስ 1-2-3 የተባለው የስፕሬድሺት ፕሮግራም ግን 1900ን የካቲት 29 እንዳለው ዓመት ቆጥሮት ነበር፤ አልነበረውም። ማይክሮሶፍት የሎተስ ፋይሎች ሳይዛነፉ እንዲከፈቱ ሲል ስህተቱን አውቆ ወረሰው፤ ዛሬም 60 ቁጥር በኤክሴል ያንን ያልነበረ ቀን ያሳያል። ጉግል ሺትስና ሊብሬኦፊስ መነሻቸውን ወደ ታኅሣሥ 30 ቀን 1899 በመግፋት ስህተቱን ሸሽተዋል፤ ከመጋቢት 1900 ወዲህ ያሉት ቁጥሮች ከኤክሴል ጋር ይገጥማሉ። ለማኪንቶሽ የተሠራው ኤክሴል ደግሞ ለረጅም ጊዜ ከ1904 ይነሣ ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 1462 ቀን ነው። ቆይታን አይነካም፤ ቀኖችን ከአንዱ ፋይል ወደ ሌላው የገለበጠ ሰው ግን አራት ዓመት ከአንድ ቀን ሊዛነፍበት ይችላል። የ1904 አቆጣጠር በኤክሴል ውስጥ አሁንም እንደ አማራጭ አለ፤ አሉታዊ ጊዜንም ያሳያል።

በቀን የሚለካ ቆይታ ከሰዓቱ ይልቅ ገር ነው፤ ሁለቱን ቀኖች ቀንሶ፣ ሁለቱም ጫፎች የሚቆጠሩ ከሆነ 1 መጨመር ነው። የሥራ ቀን ብቻ ለሚፈልግ ኔትወርክዴይስ (NETWORKDAYS) የተባለው ፈንክሽን ቅዳሜንና እሑድን፣ እንዲሁም በዝርዝር የተሰጡትን በዓላት ይቀንሳል፤ ጫፎቹን ራሱ ስለሚቆጥር 1 አይጨመርበትም። ወርና ዓመት ሲመጣ ግን የወሮች ርዝመት እኩል አለመሆን ያስቸግራል። ለዚህ የሚያገለግለው ዴትዲፍ (DATEDIF) የተባለው ፈንክሽን ከሎተስ ዘመን የተረፈ ነው፤ ኤክሴል በሚጽፉበት ጊዜ ከሚያቀርባቸው ፈንክሽኖች መካከል አይታይም፣ ስሙን አውቆ መጻፍ ግድ ነው። ሙሉ ዓመትና ሙሉ ወር በደንብ ይቆጥራል። ከወሮቹ የተረፉትን ቀኖች የሚያወጣው አማራጩ ግን የተሳሳተ ውጤት ሊሰጥ እንደሚችል ማይክሮሶፍት ራሱ ያስጠነቅቃል።

ስፕሬድሺት የሰዓት ቀጠናን በሴሉ ውስጥ አያስቀምጥም። በሁለት አገሮች መካከል የተደረገ በረራ ርዝማኔ በየአካባቢው ሰዓት ከተጻፈ፣ የቀጠናዎቹ ልዩነት ለብቻው መግባት አለበት። ወቅትን ተከትለው ሰዓታቸውን በሚያዘዋውሩ አገሮችም ለውጡ በሚደረግበት ሌሊት የተሠራ ፈረቃ አንድ ሰዓት ይበዛል ወይም ያንሳል፤ ይህን የሚያርም ቀመር ከነባሮቹ ፈንክሽኖች መካከል የለም፣ በእጅ ይስተካከላል።