የደቡብ ምዕራብ ቻይና ካርስት፦ ቁጥቋጦው፣ ደኑና የሚበቅሉበት መሬት

በደቡብ ምዕራብ ቻይና፣ በተለይም በጉይጆ፣ በጓንግሺና በዩናን፣ ከ500,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍነው የካርስት ምድር የዝናብ ውሃ የኖራ ድንጋይንና ዶሎማይትን (ማግኒዥየም ያለበትን የኖራ ድንጋይ ዘመድ) እያሟሟ የቀረጸው፣ ሾጣጣ ኮረብታዎች፣ ጎድጓዶችና ዋሻዎች የበዙበት አካባቢ ነው። የአየር ንብረቱ ከፊል ሐሩራማ ሲሆን በጉይጆ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። እንዲህም ሆኖ ብዙዎቹ ዕፀዋት የደረቅ አገር ተክል ይመስላሉ፤ ቅጠላቸው ትንሽና ጠንካራ፣ ቅርንጫፋቸው እሾሃማ፣ ቁመታቸውም አጭር ነው። ውሃው መሬቱ ላይ ሳይቆይ በአለቱ ስንጥቆች ወደ ከርሰ ምድር ስለሚሰርግ፣ ዝናቡ ትንሽ ሲዘገይ ተክሉ ይጠማል።

የአፈሩም ነገር ከዚሁ የሚለይ አይደለም። የኖራ ድንጋይ ሲሟሟ አብዛኛው ክፍሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል፤ አፈር የሚሆነው የማይሟሟው ጥቂት ቅሪት ብቻ በመሆኑ፣ ጥቂት ሴንቲ ሜትር አፈር ለመፈጠር ብዙ ሺህ ዓመታት ይፈጃል። አፈሩ መካን ነው ማለት ግን ስህተት ነው። በካልሲየምና በብስባሽ የበለጸገ ነው፤ ፎስፈረሱ በካልሲየም ታስሮ ለሥሮች በቀላሉ ባይደርስም፣ ትልቁ ችግር የአፈሩ ማነስና መበታተን ነው።

ስለዚህ የአንድን ዛፍ ዕጣ የሚወስነው ሥሩ ያረፈበት ቦታ ነው። በገላጣ አለት ላይ የድንጋይ ሽበትና ድንጋይ ለባሽ ተክሎች ብቻ ይይዛሉ፤ አፈር በተጠራቀመበት የአለት ቦይ ግን፣ ከዚያው በአንድ እርምጃ ርቀት ላይ፣ ረጅም ዛፍ ሊቆም ይችላል። የኖራ ድንጋይ በጥልቅ ስንጥቆች ስለሚከፈል ሥር ወደ ታች ይወርድበታል፤ ዶሎማይት ደግሞ በአመዛኙ ወጥ ሆኖ ስለሚፈረፈር የሚለብሰው አፈር ስስ ነው።

ያልተነካው ዕፀዋት ምን እንደሚመስል በደቡብ ጉይጆ የሚገኘው የማዎላን ጥብቅ ደን ያሳያል። በዚያ ዓመቱን ሙሉ የሚለመልሙ የኦክ ዘመዶችና ቅጠላቸውን የሚያረግፉ ዛፎች ተቀላቅለው ይኖራሉ። ደኑ በተመነጠረበት ቦታ ፒራካንታ የተባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ፣ የዱር ጽጌረዳና ሐረጎች ይወርሱታል፤ አፈሩ ከታጠበ ደግሞ አለቱ ብቻ አግጥጦ ይቀራል።

አብዛኛው ቁጥቋጦ ግን አዲስ የበቀለ አይደለም። ተደጋግመው የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ በስንጥቅ ውስጥ በቆየ አሮጌ ሥር እየታገዘ የሚያቆጠቁጠው ነው። ሥሩ እስካልሞተ ድረስ ኮረብታውን ከመጥረቢያና ከግጦሽ መከለል፣ ያለ ተከላም ቢሆን፣ በአሥርታት ውስጥ ቁጥቋጦውን ወደ ደን ሊመልሰው ይችላል።