ሸዋ በር የሸዋ ሰዎች ሰፈር አይደለም

በደሴና በዙሪያዋ 26 ዓመት ሜትሮ ጎትቼ፣ ችካል ተክዬ ጡረታ የወጣሁ ቀያሽ ነኝ። ጡረተኛ ያርፋል ይባላል፤ እኔ ግን አላረፍኩም። ድንኳን በተጣለበት፣ ቡና በተፈላበት ሁሉ አንድ ሰው ይነሣና የሰፈር ስም መተርጎም ይጀምራል። ተርጓሚው አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩን በእግሩ ረግጦት አያውቅም፤ ድምፁ ግን ከሁላችንም ይልቃል። ባለፈው ጥር ሰርግ ላይ አጠገቤ የተቀመጠ፣ ዲግሪውን የጨረሰ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ሸዋ በር እኮ ድሮ ከሸዋ የመጡ ሰዎች የሰፈሩበት ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል» አለኝ። የጎረስኩት አልወርድ አለኝ። ስሙስ ይናገራል፤ የሚሰማው ጠፋ እንጂ።

ሙሽሮቹ ስለገቡ በዚያ ቀን ያልጨረስኩለትን እዚህ ልጨርስለት። ትንንሾቹን ስህተቶች አስቀድሜ ላራግፋቸው፤ የሸዋ በሩ ጊዜ ይፈልጋል።

«ደሴ ማለት ደሴት ነው፤ በተራራ ስለተከበበች።» ጦሳና አዝዋ ገደል ከተማዋን ከሁለት ወገን መያዛቸው እውነት ነው። የደሴ ሽማግሌዎች ሲያወርሱት የኖሩት ግን ሌላ ነው፤ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እዚህ ሰፍረው ሳለ ጅራታም ኮከብ ታያቸውና ቦታውን «ደስታዬ» ለማለት ደሴ አሉት ይላሉ። ደስ ከሚለው ቃል እንጂ ከባሕር የመጣ ነገር የለበትም።

«ደሴን ከተማ ያደረጋት ጣሊያን ነው።» ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽን አሠርተው ግብር ሲያበሉ ጣሊያን ደሴን አልረገጣትም። ንጉሡ ሰገሌ ላይ የተማረኩት በጥቅምት 1909 ነው፤ የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት በኅዳር 1928 ነው። መቀነስ የሚችል ይቀንስ።

«አይጠየፍ የአንድ መኳንንት ስም ነበር።» አልነበረም። ድሃ ከጌታ፣ ክርስቲያን ከሙስሊም ሳይል የመጣውን ሁሉ የማይጠየፍ አዳራሽ ማለት ነው።

«ፒያሳ የተባለውን ሁሉ ጣሊያን ነው የሰየመው።» ቃሉ የጣሊያን ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ነገር ግን ሐዋሳም ፒያሳ አላት፤ ሐዋሳ የተቆረቆረችው ደግሞ ጣሊያን ከተባረረ ከ15 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስሙን ከከተማ ከተማ ያዛመትነው እኛው ነን።

«ሮቢት የፈረንጅ ቃል ነው።» ሮብ ነው፤ ሮብ። ከቆቦ አጠገብ ያለው ሮቢት፣ ሸዋ ሮቢት፣ በጎንደር በኩል ያሉት ማክሰኝትና ሐሙሲት ሁሉም ገበያ ከሚውልበት ቀን የተወሰዱ ናቸው። የደሴው ሰኞ ገበያ እንኳ ትርጓሜ አያስፈልገውም ብዬ እጽናና ነበር፤ አንድ ቀን ግን አንድ ጎልማሳ «ሰኞ የሚባል ባላባት ነበር» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። ተነሥቼ ወጣሁ።

«የሰፈር ስም ሁሉ ጥንታዊ ነው።» ቧንቧ ውሃ የሚባል ሰፈር እያለን ይህን የሚል ሰው ምን ይባላል? ቧንቧ ሳይመጣ ቧንቧ ውሃ የሚባል ስም ከየት ይመጣል? እንስራ ተሸክሞ ምንጭ ይወርድ ለነበረ ሰው የቧንቧ ውሃ መድረስ ሰፈር የሚያስሰይም ነገር ነበር። እንዲህ ያለው ስም ከብዙ አያቶች ዕድሜ ያንሳል።

አሁን ወደ ልጁ። የሰፈር ስም የሚናገረው እዚያ የሰፈረውን ሰው ነው የሚለው እምነት የስህተቶች ሁሉ አውራ ነው።

በር የሚለውን ቃል እንያዝ። በደጋው አገር በር ማለት ሳንቃና ማጠፊያ ያለው ነገር ብቻ አይደለም። መንገድ ተራራውን የሚሻገርበት፣ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው የሚያሳልፍ ጠባብ ቦታ ሁሉ በር ነው። ጣርማ በር ላይ የሚዘጋ መዝጊያ የለም፤ ኩታበርም ላይ የለም። ከተማ ሲሆን ደግሞ በር የሚሰየመው በሚያደርሰው አገር ነው። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሸዋ የሚወርደው ነጋዴም፣ ወታደርም፣ መንገደኛም የሚወጣበት ስለሆነ ሸዋ በር ተባለ። ወልድያ ላይ ጎንደር በር አለ፤ በዚያ የሚወጣው መንገድ ወደ ጎንደር ስለሚወስድ ነው። ሐረር እንሂድ፤ የጀጎል ግንብ በሮች አንዱ ሸዋ በር ይባላል። ጀጎል ውስጥ ስሙን ያየ ሰው «ይህ የሸዋዎች ሰፈር ነበር» ይላል? አይልም፤ ግንቡ ፊቱ ቆሞ ስለሚታየው ነገሩ ይገባዋል። እኛ ግንብ ስለሌለን ተሳሳትን።

ደግሞ አስቡት። ከሸዋ የመጣ ሰው መግቢያውን ሸዋ በር ብሎ ምን ይሠራለታል? እሱ የሚሄደው ወደ ደሴ ነው። ስሙን ያወጣው ፊቱን ወደ ሸዋ ያዞረ፣ ጀርባውን ለደሴ የሰጠ ሰው ነው፤ ማለትም የደሴ ሰው። ስም የቆመበትን ቦታ ሳይሆን የሰያሚውን አቋቋም ይናገራል። ይህን ለመረዳት ዲግሪ አያስፈልግም፤ አንድ ጊዜ መንገድ መውጣት ይበቃል።

ሰው የሚሳሳትበት ምክንያትም ይገባኛል። ከተማ ሲያድግ በሩን አልፎ ይሄዳል። ትናንት ጫፍ የነበረው ዛሬ በከተማው ሆድ ውስጥ ገብቷል፤ ግራ ቀኙ ቤት፣ ሱቅ፣ መስጊድ ነው። በር ለመሆኑ ምልክት የሚሆን ነገር ሲጠፋ ሰው ባዶውን በተረት ይሞላል። እናቴ ሸዋ በር ተወልዳ ያደገች ሴት ነበረች፤ አባቷ የወረኢሉ ሰው፣ እናቷ የቃሉ። ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ ስትቆጥርልኝ የየጁ አለ፣ የቦረና አለ፣ የመን ደርሶ የተመለሰ አለ። ከሸዋ የመጣም አልታጣም፤ ግን የሰፈሩን ስም ይዞ አልመጣም።

«ታዲያ አረብ ገንዳስ? አረቦች ነበሩበት አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። እሰይ፣ ይህኛው ደግሞ ይበልጥ ያስደስተኛል፤ በስሙ ላይ ሁለት ስህተት ተደርቦበታልና። የመጀመሪያው ገንዳ ላይ ነው። ብዙ ሰው ገንዳ ሲሰማ የከብት ማጠጫ ገንዳ ይታየዋል፤ የዘንድሮ ልጆችማ የቆሻሻ ገንዳ ነው የሚታያቸው። «አረቦች ግመላቸውን የሚያጠጡበት ነበር» የሚል ሙሉ ታሪክ የተሠራለት አለ። ወገኖቼ፣ ገንዳ ኦሮምኛ ነው፤ መንደር፣ ሰፈር ማለት ነው። ድሬዳዋ ያላችሁ ገንደ ቆሬን ታውቃላችሁ። ኦሮሚያ ውስጥ ቀበሌ ዛሬ በኦሮምኛ ገንዳ ነው የሚባለው። እዚሁ ወሎ ተወልደን፣ አያቶቻችን ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቁ ሲያወሩ ሰምተን፣ ስሙን በአማርኛ ብቻ ለመፍታት መነሣታችን ነው የሚያበሽቀኝ። ወሎ የሚለው ስም ራሱ የኦሮሞ ጎሳ ስም መሆኑን እንኳ ረስተናል።

ሁለተኛው ስህተት ስውር ነው። የየመን ነጋዴዎች ደሴ ሱቅ ከፍተው ነበር፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን አረብ ገንዳ ብለው የጠሩት እነሱ አይደሉም። አረብ ራሱን በኦሮምኛ «የአረብ ሰፈር» ብሎ አይሰይምም። የጠሩት ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ስለዚህ የነዋሪው ስም ያለበት ሰፈር እንኳ የሚነግረን ጎረቤት ምን እንደታየው ነው፤ ሱቅ ያለው አንድ ቤት ብቻ ቢሆንም ለመንገደኛ የሚታየው እሱ ነውና ሰፈሩ በእሱ ይጠራል።

ይህን ሁሉ የምለፈልፈው ለቃላት ፍቅር ብቻ አይደለም። በሥራ ዘመኔ አንድ ባለጉዳይ መጥቶ «ይህ ሸንተረር በአያቴ ስም ይጠራል፤ ስለዚህ ባዶው ቦታ የኛ ነው፤ ለካልኝ» ብሎኛል። የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ከሆነ ስንት ዘመኑ ነው? ስም ካርታ አይሆንም አባቴ ብለው፣ የአያቱን ጀግንነት አጫውቶኝ ሄደ። በሳምንቱ የአጎቱን ልጅ ላከው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው «የሰፈር ወሰን ካርታ ላይ አለ» የሚለው ነው። ካርታውን የሠራሁት እኔ ነኝና ልንገራችሁ፤ የለም። ካርታ ላይ ያለው የቀበሌ ወሰን ነው። ቀበሌ በዚያው በ1967ቱ አዋጅ የመጣ የአስተዳደር ክፍፍል ነው፤ ለቆጠራ፣ ለኪራይ፣ ለመታወቂያ በሚመች መንገድ መንገድና ወንዝ ተከትሎ ይሠመራል። ሰፈር ደግሞ ለቅሶ ይከተላል። አንዲት እማማ ነበሩ፤ ቤታቸውን የለካሁት እኔ ነኝ። ካርታቸው በአንዱ ቀበሌ ነው፤ ቅሬያቸው፣ ማለትም እድራቸው ግን ከቦዩ ማዶ፣ በሌላው ቀበሌ ነው። «እማማ፣ የየት ሰፈር ሰው ነዎት?» ስላቸው በመገረም አዩኝና «ስሞት ድንኳን የሚተክልልኝ ወዲያ ማዶ ያለው ነው፤ ታዲያ የየት ልባል?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈር ወሰን የት ነው ብሎ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የቅሬውን መዝገብ እንዲያይ እነግረዋለሁ። በእኛ አገር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ የያዘ ስለሆነ ከደብርም ከመስጊድም ወሰን ይልቅ ይታመናል።

ቁጥሩስ? የቀበሌ ቁጥሮች ተጣጥፈዋል፣ ተዋህደዋል፣ ተለዋውጠዋል። ሰው ግን የቀረውን ቁጥር እንደ ስም ይዞ ዛሬም ይጠራዋል። ለመቁጠሪያ የወጣው አሃዝ የሰፈር ስም ሆኖ ቀረ፤ ቀያሽ ሆኜ ይህን ሳይ ከመሳቅ በቀር ምን አደርጋለሁ።

«ወሎ የሚባል የለም» የሚሉኝም አሉ። ክፍለ ሀገሩ እንደ አስተዳደር የለም፤ ትክክል። ሰሜን ወሎ፣ ደቡብ ወሎ፣ ዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሆኖ ተከፍሏል፤ ከፊሉም ወደ ሌላ ክልል ሄዷል። ግን ከሚሴ ያለውንም ላሊበላ ያለውንም «ወሎዬ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ስሙ።

ስለ ወሰን ካነሣሁ ምክር ሳልሰጥ አላልፍም፤ በዚህ ጉዳይ ገንዘባቸውን ያጡ ሰዎች አይቻለሁና። ቤት ስትገዙ ደላላ «ፒያሳ አካባቢ» ካላችሁ፣ «አካባቢ» የምትለዋን ቃል በእግራችሁ ለኩ። የደላላ ፒያሳ እንደ ጎማ ይለጠጣል፤ ዳገቱን አስወጥቶ እስከ ጦሳ ወገብ ያደርሳችኋል። በውሉ ላይ የሰፈር ስም ብቻ እንዳትጽፉ። የካርታ ቁጥሩን፣ የቦታውን ስፋት በካሬ ሜትር፣ አራቱን አዋሳኞች ጻፉ፤ በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ቦይ እያላችሁ። አዋሳኝ የሆነው ጎረቤት ራሱ ሲለካ ቆሞ ይይ። ቦይ አዋሳኝ ከሆነ ደግሞ ክረምት ላይ ተመልሳችሁ እዩት፤ የደሴ ቦይ በሐምሌ ሲሞላ የራሱን ወሰን ራሱ ያሠምራል። ለልቅሶና ለድግስ የምታውሉትን ስም ግን እንደፈለጋችሁ ጥሩት፤ ለእሱ እኔም ማንም አያስፈልጋችሁም።

ሽማግሌ ስትጠይቁም አንድ ሰው ብቻ አትጠይቁ። አንዱን ከዳገቱ፣ አንዱን ከቁልቁለቱ ጠይቁ። ከላይ ያለው ሰው ሰፈሩን በሚወርድበት መንገድ ይጠራዋል፤ ከታች ያለው በሚያየው ዛፍ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሁለቱም የየራሳቸውን መንገድ ነው የሚነግሯችሁ።

አዲስ ስምም ዛሬ እየወጣ ነው፤ የሚያወጡትም ኮሚቴዎች አይደሉም። ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ አንድ አዲስ መንደር ስሄድ፣ ሾፌሩን የሰፈሩን ስም ጠየቅሁት። «ትራንስፎርመር» አለኝ። ወርጄ ግራ ቀኝ አየሁ። ምሰሶ እንጂ ትራንስፎርመር የለም። አንዲት ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ «ተነሥቶ ወደ ላይ ከሄደ ቆየ፣ ጋሼ» አለችኝ፤ «ትራንስፎርመር ግን ይኸው እዚህ ነው።»