እንስሳ ሲማር የአንጎሉ ሴሎች ምን ይሆናሉ?

ጦጣዋ ፊት መብራት ብልጭ ይላል። ትንሽ ቆይቶ አፏ ውስጥ የጭማቂ ጠብታ ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን መብራቱ ጉዳይዋም አይደለም፤ መካከለኛው አንጎሏ ውስጥ ያሉት ዶፓሚን የተባለ ኬሚካል አመንጪ ሴሎችም የኤሌክትሪክ ምታቸውን የሚያፈጥኑት ጭማቂውን ስታገኝ ነው። ነገሩ ሲደጋገም ግን ሰዓቱ ይቀየራል፦ ሴሎቹ መብራቱ ሲበራ ይነቃሉ፣ ጭማቂው ሲመጣ ደግሞ ምንም እንዳልተፈጠረ በተለመደው ፍጥነታቸው ይቀጥላሉ። መብራቱ በርቶ ጭማቂው ቢቀርስ? ልክ መምጣት በነበረበት ቅጽበት ምታቸው ይወርዳል። ይህን ያሳየው የአንጎል ተመራማሪው ቮልፍራም ሹልትስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ከፒተር ዳያን እና ከሪድ ሞንታግ ጋር ሆኖ ሴሎቹ የሚናገሩት በተጠበቀውና በተገኘው መካከል ስላለው ልዩነት እንደሆነ አስረዳ። ለእኔ በዚህ ዘርፍ ይሄን የሚያህል ግኝት የለም፤ ያልመጣ ነገር ሴል ላይ ቁልጭ ብሎ ሲነበብ ማየት ያስደንቃል።

ብዙ ሰው እንስሳ ሲማር ሴሎቹ ይበልጥ የሚሠሩ ይመስለዋል። እንደዛ አይደለም። አፕሊዝያ የምትባለው የባሕር ቀንድ አውጣ ነርቭ ሴሎቿ 20,000 ገደማ ብቻ ናቸው፣ አንዳንዶቹም በዓይን እስኪታዩ ድረስ ትልልቅ ናቸው። በቀስታ ደጋግመው ሲነኳት ስንጥቧን (የምትተነፍስበትን አካል) መሰብሰቧን እየቀነሰች ትሄዳለች፤ ንክኪውን የሚያስተላልፈው ሴል ለቀጣዩ የሚለቀው ኬሚካል ስለሚያንስ ነው። ጅራቷን ኤሌክትሪክ ሲነዝራት ተቃራኒው ይሆናል። ኤሪክ ካንደል በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2000 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል።

አይጦችም ጥሩ ምሳሌ ናቸው። አን ግሬቢል እና ባልደረቦቿ በ"ቲ" ቅርጽ በተሠራ መተላለፊያ የሚሮጡ አይጦችን ስትራያተም የተባለ የአንጎል ክፍል ሲከታተሉ፣ ገና ጀማሪ በሆኑት ላይ ሴሎቹ ሩጫውን ሙሉ ይሠሩ ነበር፤ ልምዱ ሥር ሲሰድ ግን እንቅስቃሴው መነሻውና መድረሻው ላይ ተሰበሰበ፣ መሃሉ ጭር አለ።

ሥልጠናው ሲያበቃም ነገሩ አያበቃም። ማቲው ዊልሰን እና ብሩስ ማክናውተን እ.ኤ.አ. በ1994 እንዳሳዩት፣ አይጥ ስትንቀሳቀስ ሂፖካምፐስ በተባለው የአንጎሏ የማስታወሻ ክፍል ውስጥ አብረው የሠሩ ሴሎች በኋላ ስትተኛም አብረው ይነሳሉ።

ድሮ ይህ ሁሉ የሚሰማው የሴሎችን ምት በሚያነብ ቀጭን ሽቦ፣ በኤሌክትሮድ ነበር። አሁን ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ሲገባ የሚያበራ ፕሮቲን ስላለ፣ እነዚያኑ ሴሎች በማይክሮስኮፕ ለሳምንታት መከታተል ይቻላል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሠለጠነ እንስሳ አካሄዱም፣ ምላሱን የሚያወጣበት ሰዓትም፣ ትኩረቱም ይለወጣል፣ ሴሉ የተቀየረው ትምህርቱን ይዞ ነው ወይስ እንቅስቃሴውን ተከትሎ የሚለው ካልተለየ ውጤቱ ያሳስታል። ደግሞም አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች ላይ አይጧ ሥራውን ሳታዛንፍ እየሠራች፣ ሥራውን የሚይዙት ሴሎች ከቀን ወደ ቀን ይቀያየራሉ።